የእናቴ ቅቤና ቀኝ ዓይኔ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ቆቦ ሄጄ ነበር። ዳሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አናቷ ላይ የተደረገላት ለጋ ቅቤ በቀትሩ ፀሐይ ቀልጦ በግንባሯ ይወርዳል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሠርጉንም ሙሽሮቹንም ረሳኋቸው። በነጠላዬ ጫፍ ግንባሯን ልጠርግላት ስል እናቷ «ይተዉት እማማ፣ ወግ ነው» አለችኝ። «ወጉ ከቅንድቧ በላይ ይቅር» ብዬ ጠረግሁላት። ደስ አላላትም። ደስ አይበላት፤ ቅቤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ የሚነግራት የለም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ቤታችን ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ማሽላው መሀል ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ የሁለቱም ዓይኖቼ ብሌን ነጭ ነበር። ሞራ የሽማግሌ በሽታ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይዤው ተወለድኩ። አንዱ ቡዳ ነው አለ፤ አንዷ እናቷ ነፍሰ ጡር ሳለች ፀሐይ ስትጨልም አይታ ነው አለች። እናቴ ሰው የሚላትን ሁሉ ታምናለች፤ ጥፋቱንም ሁሉ ወደ ራሷ ታዞር ነበር።

ጭራሹን ዕውር አልነበርኩም። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ቀይ ነገር አፍንጫዬ ድረስ ካስጠጉልኝ ቀይ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ጉም ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? እኔም ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ሰዎች ገና ከሩቅ «ያ እገሌ መጣ» ሲሉ፣ ኮቴውን ሰምተው ነው እያልኩ በጆሯቸው እቀና ነበር። ጠዋት ጠዋት «ዞብል ዛሬ ነጭ ለብሷል» ሲባል ስሰማ፣ ዞብል ጋቢ የሚደርብ አንድ ሀብታም ጎረቤት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ቀን አባቴን «ዞብል ሚስት አለው?» ብዬ ብጠይቀው ተራራ መሆኑን እንኳ ሳይነግረኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የዚያን ዓመት መኸር ሥራዬ ወፍ ጥበቃ ነበር። አባቴ ማሽላው መሀል ከፍ ያለ ማማ ሠርቶልኝ፣ ቆርቆሮና ዱላ ይዤ እዚያ ላይ እውላለሁ። ወንጭፍ ከልክለውኛል፤ አንዴ ብሞክር የበሬ ቀንድ መትቻለሁ። ግሪሳ ሲመጣ ግን የሚቀድመኝ አልነበረም። ገና ከጎብዬ ወገን ሲነሳ ሽውታውን እሰማና ቆርቆሮዬን እቀጠቅጣለሁ። በየማማው ያሉት ልጆች የእኔን ቆርቆሮ ሰምተው ነው የሚነሱት። ኧረ እንዴት እኮራ ነበር። ጥንቅሼን እያላመጥኩ በዚያ ሜዳ ላይ ያለውን ፍጥረት ሁሉ እኔ የማዝዘው ይመስለኛል።

አጎቴ ሰይድ የመጣው እንዲህ እየኮራሁ ሳለሁ ነው። ሰይድ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የግመል ነጋዴ ነው። እናቴ አባቴን ስታገባ ክርስትና ተነሳች፤ እሱ ከእስልምናው ጋር ቀረ፤ ፍቅራቸው ግን እንደዚያው ነው። ሲናገር ይጮኻል፣ ሲስቅ ዶሮ ያስበረግጋል። ያን ቀን ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ደሴ አንድ ፈረንጅ የዓይን ሐኪም መጥቷል» አለ። «ሞራቸውን ተገፈው ያለ መሪ ገበያ የሚወጡ ሰዎች አይቻለሁ። የገና በዓል ሳይደርስ ወደ አገሩ ይመለሳል አሉ። ልጅቷን ስጡኝ።»

አባቴ ካሣ በነገር የማይቸኩል ሰው ነው። «የሽማግሌዎቹን ይግፈፍ» አለው። «ይቺ ከማኅፀን ይዛው የመጣች ናት። እግዜር የዘጋውን ማን ይከፍታል?»

«አላህ የዘጋውንማ የሚከፍተው እሱው ነው። ቁልፉን ለዚህ ሰውዬ አውሶት ቢሆንስ?»

«አሁን ያለቻትን ጭላንጭል ቢያጠፋባትስ? ያኔ ምን ትላለህ?»

እኔም ፈራሁ። ገፈፋ ሲባል እኔ የማውቀው የበግ ነው፤ ከቆዳዬ ስወጣ ታየኝ። እናቴ አራስ ነበረች፤ ወንድሜ ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅዋ መጣ።

«ትሂድ» አለች። «እኔ ስሞት ሰው መርቷት እስከ መቼ ትኖራለች? ነገ ወልዳ የልጇን ፊት በጣቷ ዳስሳ ነው የምታውቀው? ትሂድ ካሣ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ እናቴ ተነስታ ከጎረቤት ቅቤ አስመጣች። «አናቷ ደርቆ፣ እናት የሌላት መስላ ሰው ፊት አትቀርብም» አለች። ያላትን ሁሉ አናቴ ላይ ደፋችው ማለት ይቻላል። አጎቴ «ለሐኪም ነው ወይስ ለባል?» ብሎ ሊቀልድ ሲል «አንተ ዝም በል» አለችው። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ስማኝ ስታበቃ እጇ አልለቅ አለ፤ አጎቴ ነው ያላቀቀን።

አውቶቡስ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ፀሐዩ በሚመታበት ወገን መስኮት አጠገብ አስቀመጡኝ። ሞተሩ ሲያጓራ፣ ወንበሩ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ሰይድ እንዳልዘል ቀሚሴን ይዞ ነበር የተቀመጠው። ወልዲያ ሳንደርስ ፀሐዩ በረታና ቅቤው ይወርድ ጀመር። ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥለኝ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? አጎቴ ማታ «ትንሽ ያቃጥልሻል፣ ከዚያ ትድኛለሽ» ብሎኝ ነበር። ሕክምናው ተጀመረ አልኩ። እንኳን ላለቅስ፣ ቶሎ እንዲያድነኝ ብዬ አቧራ በጠጣው እጄ ሁለቱንም ዓይኖቼን ጥሩ አድርጌ አሸኋቸው። አጎቴ አጠገቤ ያንኮራፋል። እኔ ጥርሴን ነክሼ በጀግንነቴ እየኮራሁ ደሴ ገባን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ዓይኖቼ አብጠው አይከፈቱም ነበር። ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችና «ይቺን ልጅ ምን ቀባችኋት?» አለች።

«ቅቤ ነው» አለ አጎቴ። «አናቷን እንጂ ዓይኗን አልቀባናትም።»

«ቅቤው መንገዱን ያውቀዋል ታዲያ» አለችና እጄን ይዛ ወስዳ ራሴን በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥበኝ ጀመር። የእናቴ ሽታ ከአናቴ ላይ ሲጠፋ ያን ጊዜ ብቻ አለቀስኩ።

ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ አስገቡኝ። ድሬሰር የሚሉት የሐኪሙ ረዳት እያስተረጎመ አገጬን አንድ ብረት ላይ አስቀመጡኝ፣ ክፍሉን አጨለሙት። ወዲያው ቀጭን የብርሃን ስንጣቂ መጥቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እኔ የማውቀው ብርሃን ሰፊና ደብዛዛ ነው፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ ያለው፣ ነጭ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ብርሃን በሕልሜም አይቼ አላውቅም። ሲያጠፋው «ይድገመው» ብዬ ጮህኩ። ድሬሰሩ ሲያስተረጉምለት ፈረንጁ ስቆ ደገመልኝ። ከመሣሪያው ጋር ካሜራ አጋጥሞ ፎቶ አነሳኝ፤ ቦግ ብሎ ሲበራ አሁንም «ይድገመው» አልኩ። ቀጥሎ የዓይኔን መሀል በባለ ቀለም እርሳስ ወረቀት ላይ ሣለውና ለአጎቴ አሳየው።

«ሱብሐነላህ» አለ አጎቴ፤ «በጥቁሩ መሀል ነጭ የማሽላ ፍሬ ተቀምጣለች።»

ይሄን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ማማ ላይ ሳለሁ ወፍ ጥላብኝ ነው። ሲስተሯ ጠዋትና ማታ ዓይኔን በጨው ውኃ ስታጥብ ታዲያ ጭንቀቴ ሌላ ሆነ፤ ውኃ ካገኘች በቅላ ብትወጣስ? ለማን እንደምነግር አላውቅም፤ አብቅላ እንደሆነ እያልኩ በጣቴ ሽፋሽፍቴን እዳብስ ነበር።

ሐኪሙ ግን በሌላ ነገር ነበር የተጨነቀው። ድሬሰሩ ለአጎቴ ሲነግረው ሰማሁ። የልጅ ሞራ እንደ እርጎ ለስላሳ ስለሆነ በቀጭን መርፌ ቀዶ መምጠጥ ይቻላል። የቀላ ዓይን ግን አይነካም፤ ከተነካ መግል ይይዛል፣ ያቺም ጭላንጭል ትጠፋለች። ቅላቱ ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ከጠራ ይሠራታል፤ ካልጠራ ሌላ ሐኪም መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። መጠበቁ ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ ዓይን ማየትን በልጅነቱ ካልተማረ ኋላ ቢከፈትም አይማርም።

አጎቴ ይሄን ሰምቶ ሲወጣ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ አንድ የቆቦ ሹፌር አገኘ። ሆዱ አልችል ብሎት «ቅቤው ዓይኗን አቀላው፣ ሐኪሙ አልነካም አለ» ብሎ ነገረው። ሹፌሩ በዚያው ዕለት ቆቦ ገብቶ ወሬውን ቤታችን አደረሰ። አጎቴ ቆይቶ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። «ምላሴን ይቁረጠው፤ ያችን አራስ ገደልኳት» እያለ ይንቆራጠጥ ነበር። «ገና ተስፋ አለ» ብሎ የሚልከው ሰው ፈልጎ አጣ፤ እስክንመለስም አላገኘም።

ደሴ ብርዱ አይጣል ነው፤ የቆላ ልጅ አጥንቴ ድረስ ተንቀጠቀጥኩ። ጠዋት ጠዋት ሲስተር አልማዝ መጥታ ሽፋሽፍቴን ገልጣ ታያለች። «ገና ነው» ትላለች። በማግሥቱም «ገና ነው»። አጎቴ ከሰላቱ ሲነሳ «አብሽሪ፣ ነገ ኢንሻአላህ» ይለኛል፤ ድምፁ ግን ወርዷል። እኔ ራሴ መፍራት ጀመርኩ። ያን ስንጣቂ ብርሃን አንዴ ካየሁ በኋላ ወደ ጉሜ መመለሱን ሳስበው ብርድ ልብሱን ተከናንቤ «ይድገመው» እላለሁ። ያላዩትማ አይናፍቅም፤ ያዩት ግን እንዴት እንደሚናፍቅ ያኔ አወቅሁ።

አንድ ጠዋት ሲስተር አልማዝ ቀኝ ዓይኔን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየች። ሮጣ ወጣች፤ የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩን ሲያንኳኳ ሰማሁት። ሐኪሙ መጥቶ አየ። ግራው አሁንም ቀልቷል፤ ቀኙ ጠርቷል። ሐኪሙ ሻንጣውን ማሰር ጀምሮ ነበር አሉ። «ቀኙን ዛሬውኑ» አለ። አጎቴ አልሐምዱሊላህ እያለ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ኤተር የሚባለውን ማደንዘዣ አፍንጫዬ ላይ ሲያደርጉብኝ ሽታው ጣፋጭም ቀፋፊም ነበር። አጎቴ «ቢስሚላህ» ሲል፣ እኔ «ማርያም» ስል፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ ሁለቱም ዓይኖቼ ታስረዋል፤ ከጆሮዎቼ ግራና ቀኝ አሸዋ የሞላ ከረጢት ተቀምጧል። ጭንቅላትሽን እንዳታንቀሳቅሺ፣ እንዳታስነጥሺ፣ እንዳታለቅሺ፣ እንዳትስቂ ተባልኩ። አለማልቀሱ ቀላል ነው። አለመሳቁ ግን ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ እንዴት ይሆናል? ሲስተሯ «አንድ ቀልድ ካወጡ ከዚህ አስወጣዎታለሁ» አለችው። ምስኪን አጎቴ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያልዘጋውን አፉን ዘግቶ መቁጠሪያውን ሲቆጥር ሰነበተ። ዝምታው ራሱ አሳቀኝና ከንፈሬን ነክሼ ተረፍኩ።

ሲፈታልኝ ሐኪሙ ራሱ ነበር የፈታው። በመጀመሪያ ብርሃኑ እንደ ጥፊ መታኝ። ቀጥሎ ዓይኔ ላይ ወፍራም መነጽር አኖረና በክር ከኋላ አሰረው። አጠገቤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ነገር ሁሉ ጠርዝ አለው። የብርድ ልብሱ ክሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ጣቶቼን አየኋቸው፤ ጥፍር ላይ ያንን ነጭ ጨረቃ መሳይ ነገር ማን እንደሠራው ጠየቅሁ። ከፊቴ አንድ ፀጉር ያለበት፣ መሀሉ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። «እኔ ነኝ እኮ፣ ሰይድ ነኝ» ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አዎ፣ እሱ ነው። ገለጥኩ፣ ጢሙን አየሁ። «አጎቴ፣ አስቀያሚ ነህ» አልኩት። ለቀናት ያፈነውን ሳቅ ያን ጊዜ ለቀቀውና ክፍሉ ተናወጠ።

ሐኪሙ ግራውን ሳይሠራ በማግሥቱ ወደ አገሩ ሄደ። እኔን ሲስተር አልማዝ ቁስሉ እስኪደርቅ ስትጠብቀኝ ሰነበተችና የገና በዓል አልፎ ለቀቀችኝ። መንገዱን እንዴት ልንገራችሁ። ስሄድ የሰማሁትን አገር ስመለስ አየሁት። ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው እጄን አውለበለብኩ። ጎብዬን ስናልፍ ሜዳው ላይ አንዲት የአይጥ ልጅ የምታክል ግመል አየሁ። «አጎቴ፣ ያችን ትንሿን ግዛልኝ፤ ኪሴ ውስጥ አሳድራታለሁ» አልኩ። አውቶቡሱ ሲቀርባት አደገች፣ አደገች፣ ከመስኮቱ በላይ ሆነች። ጮኼ አጎቴ ጭን ላይ ወጣሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ አጎቴ «ዝም በሉ፤ ይቺ ልጅ ዛሬ ነው የተወለደችው» አላቸው።

ቆቦ ወርደን ቤታችን ስንደርስ ልጆች መምጣታችንን ቀድመው ሮጠው ነግረው ደጃችን ካለችው ቁርቁራ ሥር ሰው ተሰብስቧል። አንድ ሰው መጥቶ ብብቴን ይዞ አነሳኝ፤ መነጽሬን አይቶ «ልጄ» አለ። አባቴ መሆኑን በዚያች ቃል አወቅሁ። «አየሽ?» አለኝ። «ጢምህ ከአጎቴ ያንሳል» አልኩት። ከዚያ መሬት አወረደኝ።

ይሄኔ እትዬ ፋጤ፣ ነገር የምትወደው ጎረቤታችን፣ «ማናችሁም እንዳትናገሩ» አለች። «እስቲ እናቷን ትለይ።» ሴቶቹ ሁሉ ዝም ብለው ከዛፏ ሥር ተሰለፉ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ሁሉም ያዩኛል።

እኔ ፊት ገና አልገባኝም ነበር። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍንጫ፤ ከደሴ እስከ ቆቦ ያየሁት ሰው ሁሉ እሱኑ ነበር የያዘው። የእናቴ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ እናቴ አጭር ሴት ትመስለኝ ነበርና አጭሯን ፈለግሁ። መሀል ላይ አንዲት አጭር ሴት ሕፃን ታቅፋለች። ይቺ ናት፣ ወንድሜን ይዛለች አልኩና ወደ እሷ ሄድኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲይዙ አየሁ። ለካ እትዬ ፋጤ ልታሳስተኝ ብላ ሕፃኑን ለሌላ ሰው አሳቅፋዋለች።

ግማሽ መንገድ ስደርስ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ረጅም፣ ከሲታ ሴት ዓይኔን ያዘችው። ሌሎቹ ሁሉ ትክ ብለው ሲያዩኝ እሷ ብቻ ልታየኝ አልደፈረችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ከሹፌሩ ወሬ ወዲህ ሌላ ያልሰማች፣ ያን ሁሉ ጊዜ የልጄን ዓይን በእጄ አጠፋሁት ስትል የከረመች ሴት መሆኗን እኔ በምን ልወቅ? ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱም ዓይኖቿ የሚያበራ ነገር ይወርድ ነበር። ልቅሶን እኔ የማውቀው በድምፅ ነው፤ ይቺ ሴት ደግሞ ድምፅ የላትም። አሳዘነችኝ። ወደ አጎቴ ዞርኩና በጣቴ አሳየሁት።

«አጎቴ፣ የዚች ሴትዮ ዓይን ታሟል» አልኩ። «ውኃ ያፈሳል። ሲስተር አልማዝ ጋ እንውሰዳት።»

ሴትዮዋ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች፣ በሁለት እጇ ጉንጬን ይዛ መነጽሬን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«የለም ልጄ» አለች። «አሁን ዳነ።»

የእናቴ ድምፅ ነበር።